በወንዝ ዳር የተጠራ ስም

ወንድሜ ዳዊት የሞተበትን ቀን እስከ ዛሬ አላውቅም። መሞቱን ያወቅሁበትን ቀን ግን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ሁለት ቀን እናቴን ምን እያልኩ እንደዋሸኋት፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን ደግሞ ምን እንደደረሰብን ለልጆቼ እንኳ በሙሉ ነግሬያቸው አላውቅም። ዕድሜዬ እየገፋ ነው። የእኔ ጥፋትም፣ የአንድ ባዕድ ሰው ደግነትም አብሮኝ እንዳይቀበር ብዬ ነው የምጽፈው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከታይፕ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ እጠብቃለሁ። የምንኖረው ጉለሌ፣ ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። አባቴ በየነ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር። እናቴ ጥሩነሽ ልቧን ስለሚያማት ሐኪም ዳገት እንዳትወጣ ከልክሏታል። ዳዊት ታናሼ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ።

በግቢያችን ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ነበረች። ከትርፍ ቤት አዋጁ በፊት የእኛ ነበረች፣ ከአዋጁ በኋላ የቀበሌ ሆነች። በፊትም በኋላም የሚኖርባት አንድ ሰው ነው፤ ሚስተር ጆሺ። ከህንድ አገር የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት በአገራችን አስተምሯል። ባለቤቱ ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት አገሯ ገብታ አልተመለሰችም። አማርኛ የተማረው ከመጽሐፍ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም፣ የሠፈሩን ሕፃን ሳይቀር “እርስዎ” ነበር የሚለው። ዳዊትን ትምህርት ቤትም ያስተምረዋል፣ ማታ ማታ በረንዳችን ላይ ደግሞ በነፃ ያስጠናዋል። “ዳዊት፣ እርስዎ ሰነፍ ነዎት” ሲለው እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እሷ ጋሽ ጆሺ ነበር የምትለው።

ሰኔ ላይ ዳዊትን ከቤት ወሰዱት። ጓደኛው ዘንድ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ ተባለ። የቀይ ሽብሩ ጊዜ ስለነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አልነበረም፣ የሚጠይቅም አልነበረም። የታሰረው የቀበሌዎች የበላይ በሆነው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ በየጠዋቱ ታበስላለች፣ እኔ ምሳ ዕቃውን ይዤ እሄዳለሁ። ለዘበኛው ስሙን እሰጣለሁ፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባዶው ዕቃ ይመለስልኛል። እሱን እንድናየው አልተፈቀደም። የዕቃው ባዶ መመለስ ነው በሕይወት መኖሩን የሚነግረን።

ጳጉሜን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይቀበለኝ ወደ ውስጥ ገባና የዳዊትን ሹራብ ይዞ ወጣ።

“ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ” አለኝ።

“ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነው?”

“አታምጪ አልኩሽ። ቀጣይ።”

ከኋላዬ የተሰለፈች አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ ከሰልፉ አወጣችኝ። “ሂጂ እህቴ፤ እዚህ እንዳታለቅሺ” አለችኝ በጆሮዬ። የማላውቃት ሴት ናት። እሷም ልጇን ይሁን ባሏን የምታበላው አላውቅም።

ቤት አልሄድኩም። አባቴ ወደሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ሹራቡን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጣቶቹ ቀለም ነክቷቸው ስለነበር ሹራቡን እንዳያቆሽሽ በክንዱ ብቻ አቀፈው። “ለእናትሽ አሁን አይነገርም” አለኝ።

“እስከ መቼ?”

“እስኪበርድ። ልቧ አይችልም። ደግሞ ብትጮህ ምን እንደሚያደርጓት ታውቂያለሽ።”

አውቃለሁ። ከእኛ በታች ያሉ እናት ለልጃቸው ሐዘን ሊቀመጡ ሲሉ ቀበሌ ጠርቶ አንድ ሳምንት አስሯቸዋል። ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም ተብሏል። ድንኳን የለም፣ ሬሳ የለም፣ ፍትሐት የለም።

እንዲህ ሆኖ በማግስቱ እናቴ አበሰለች፣ እኔም ምሳ ዕቃውን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ምግቡን ምን ላድርገው? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጡ ነዳያን ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ምግቡን ተቀብላ፣ “የማንን ነፍስ ይማር ልበል ልጄ?” አለችኝ። ደነገጥኩ። እንዲያው በእግዚአብሔር ስም ነው ብዬ ሸሸሁ። ከዚያ ወዲያ ሰው ወደማያየኝ ቦታ መሄድ ጀመርኩ። ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ ከባሕር ዛፉ ሥር የሚታጠፍበት ቦታ አለ። እዚያ ሄጄ ሣሩ ላይ እደፋዋለሁ። ቁራዎች ለመዱኝ። ዕቃውን በወንዙ ውሃ አጥቤ፣ የሰልፉ ሰዓት እስኪያልፍ ተቀምጬ እመለሳለሁ።

“ባዶውን መለሰው?” ትለኛለች እናቴ።

“ባዶውን።”

“በላልኝ” ትላለች፤ ያን ቀን ፊቷ ፈካ ብሎ ይውላል።

የአዲስ ዓመት ለት ዶሮ ሠራች። ታማሚ ሆና፣ ቆማ፣ ላብ በላብ ሆና ነው የሠራችው። እንቁላሉን ለዳዊት ሁለት አደረገችለት። ያንንም ወስጄ ደፋሁት።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ወንዙ ጋ ስደርስ ቦታው ላይ ሰው አገኘሁ። ሚስተር ጆሺ ነው። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ሁልጊዜ በኮትና በክራቫት ነበር የማየው። አሁን ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው፤ ከወገቡ በታች ሽሮ ሜዳ ያሠራውን ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሏል። ደረቱ ላይ በሰያፍ የወረደ ቀጭን ክር አለ። የመስከረም ንፋስ ከተራራው እየወረደ ገላው ተንዘፍዝፏል። ከፊቱ የኮባ ቅጠል ዘርግቶ ሦስት የሩዝ ድቡልቡሎች ደርድሯል፤ ጥቁር ሰሊጥ ተነስንሶባቸዋል። የቀለበት ጣቱ ላይ የሰርዶ ሣር አስሯል።

ልመለስ ብዬ ዞር ስል አየኝ።

“አስቴር” አለኝ። ዓይኑ ምሳ ዕቃው ላይ አረፈ። “እርስዎ የያዙት የዳዊት ምግብ ነው?”

“ነበር” አልኩት።

ያቺ አንዲት ቃል ሳላስባት ነው የወጣችው። ሚስተር ጆሺ የተሸከመውን ሁሉ የጣለ ይመስል ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ አልጠየቀኝም። ቁራዎቹ ምሳ ዕቃውን ስላዩ ዙሪያችንን ወርደዋል፤ እነሱን አየ፣ እኔን አየ።

“መቼ ነው?” አለኝ በመጨረሻ።

“ቀኑን አልነገሩንም።”

“እናትዎ ያውቃሉ?”

“አታውቅም” አልኩት። እሱም ወደ ኮባ ቅጠሉ ዞረ። ስለያዘው ነገር ይነግረኝ ጀመር። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ለግማሽ ወር ሙታኖቻቸውን ያስባሉ። እያንዳንዱ አባቱ በሞተበት ዕለት ውሃና ሰሊጥ ያፈስሳል፣ ሩዝ ያቀርባል፣ ከምግቡ ለቁራ ይሰጣል። ቁራው ከበላ ሙታኑ ተቀበሉ ማለት ነው።

“ትናንት በመሣሪያ የሞቱ ሰዎች ቀን ነበር” አለኝ። “ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። የሁሉም ሙታን፣ የሞቱበት ቀን ያልታወቀ ሰዎችም ቀን ነው። ሰው ለአባቱ ብቻ አይደለም የሚያፈሰው፤ ማንም ለሌለው፣ ማንም ላላፈሰሰለት ሰውም ይቻላል። እርስዎ ከፈቀዱ ለዳዊት አደርጋለሁ።”

“እኛ ክርስቲያን ነን፣ ሚስተር ጆሺ።”

“አውቃለሁ። ካልፈቀዱ አላደርግም።”

ቆሜ አሰብኩ። ንስሐ አባታችን ፈርተው እቤታችን መምጣት ካቆሙ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። ወንድሜ መሞቱን ካወቅን ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ “ነፍስ ይማር” አላለለትም። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን ብዬ፣ “ያድርጉለት” አልኩት።

“የአባትና የአያት ስም ያስፈልጋል።”

“ዳዊት በየነ ተሰማ።”

“የዘር ስምስ? በእኛ ዘንድ ይጠራል።”

“እሱን አላውቅም።”

“ግድ የለም። ለማያውቅ ሰው የሚጠራ አንድ የጥንት አባት አለ፤ የሁሉም አባት ነው ይባላል። በእሱ እንጠራዋለን።”

ደረቱ ላይ የነበረውን ክር ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ አዛወረ። ወደ ደቡብ ዞሮ ተንበረከከ። በትንሽ የመዳብ ዕቃ ውሃ ቀዳ፣ ሰሊጥ ጨመረበት፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ውሃውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ቀስ ብሎ አፈሰሰ። በማላውቀው ቋንቋ ሲናገር ቆይቶ፣ በመካከሉ የማውቀውን ስም ሰማሁ። ዳዊት። በየነ። ተሰማ። ሦስት ጊዜ ጠራው፤ ሦስት ጊዜ አፈሰሰ። ከዚያ እናቴ የሠራችውን ምስርና እንጀራ ከምሳ ዕቃው አውጥቶ፣ ቁርጥራጩን በአክብሮት ከሩዙ ጎን አስቀመጠ። ቁራዎቹ መጥተው በሉ።

ያኔ አለቀስኩ። ሃያ ሁለት ቀን ይዤው የነበረ ነው። ልቅሶ እንኳ አይባልም፣ ጩኸት ነበር። “ዳዊቴ፣ ዳዊቴ” እያልኩ መሬቱን መታሁ። ሚስተር ጆሺ ዝም ይበሉ አላለኝም።

ጩኸቴ ነው ሰዎቹን ያመጣቸው። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ከባሕር ዛፉ መካከል ወጡ። አንደኛው ጠመንጃ ይዟል።

“ምንድነው የምትሠሩት?” አለ ባለ ጠመንጃው።

“ለሞተ አባቴ መታሰቢያ ነው” አለ ሚስተር ጆሺ። “በየዓመቱ አደርጋለሁ።”

“የአንተ አባት ሞቶ እሷ ምን አስለቀሳት?”

 ሁለተኛው ሰውዬ ምሳ ዕቃውን በእግሩ ገለበጠው።

“ይሄ የማን ስንቅ ነው? ዳዊት እያልሽ ስትጮሂ ነበር። ማነው ዳዊት? ወንድምሽ ነው?”

“ወንድም የለኝም” አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ስሙ ገና አሁን ተጠርቶ፣ ውሃው መሬቱ ላይ ሳይደርቅ። ሚስተር ጆሺ ቀና ብሎ አላየኝም። የኮባ ቅጠሉን ሰብስቦ ሩዙን ወደ ወንዙ ለቀቀና ሸሚዙን ለበሰ።

ቀበሌ ወሰዱን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሠፈር ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ ቤተሰባችንን ያውቃል። አብዮት ጥበቃው ያየውን ነገረው። ሊቀመንበሩ ሲጽፍ ቆየና፣ “ወንድም የለኝም ብላለች?” ሲል ጠየቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ዳዊት በየነ ታዲያ የማን ልጅ ነው?” አለኝ። ምሳ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

“እናትየዋን ጥሩልኝ” አለ።

ጠረጴዛውን ዞሬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። “እናቴን አይጥሯት። ልቧን ያማታል፤ እባክዎ እኔን ይሰሩኝ” አልኩት። የምደብቀው ነገር ያለ ሳይመስለው አልቀረም፣ ጭራሽ፣ “ቶሎ በሉ” አለ።

እናቴ ስትመጣ በመስኮቱ አየኋት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግድግዳውን በእጇ እየያዘች፣ በሦስት እርምጃ አንዴ እየቆመች ነው የምትመጣው። በሩ ላይ ስትደርስ ፈገግ ብላ ነበር። ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ “ሊፈቱት ነው?” አለች።

 እኔን አየችኝ፣ ሚስተር ጆሺን አየችው፣ ምሳ ዕቃውን አየችው።

ሊቀመንበሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ተናገረ። “ልጅዎ አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል። ወር ሊሞላው ነው። ልጅዎና ይሄ የውጭ ዜጋ ወንዝ ዳር ሐዘን ሲያደርጉ ተይዘዋል። እርስዎ በቤትዎ ሐዘን እንደማይቀመጡ፣ እንደማያለቅሱ እዚህ ላይ ይፈርማሉ።”

እናቴ አልወደቀችም። ሁላችንም ትወድቃለች ብለን ነበር የምንጠብቀው፤ ሚስተር ጆሺ ሊደግፋት ብድግ ብሎ ነበር። ቆማ ቀረች። ወደ እኔ ዞረች።

“የአዲስ ዓመቱስ ዶሮ?” አለችኝ።

 ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔ ነኝ ዓይኔን የሰበርኩት። ከዚያ ወደ ሚስተር ጆሺ ዞረች።

“ጋሽ ጆሺ፣ በምን ስም ጠሩልኝ?”

“ዳዊት ብዬ ነው፣ እማማ። ዳዊት በየነ ተሰማ።”

“እሱ የዓለም ስሙ ነው” አለች ቀስ ብላ። “ነፍሱ የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ወልደ ሚካኤል ነው።”

“ወልደ ሚካኤል” አለ ሚስተር ጆሺ። ደግሞ ደጋግሞ አለው፤ ተማሪ የቃል ጥናት እንደሚይዝ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።

“ዝም በሉ” አለ ሊቀመንበሩ። እናቴ መጻፍ ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም ነክረው አሳተሟት። 

እኔንና እናቴን ለቀቁን። ሚስተር ጆሺን ሁለት ቀን አቆዩት። በመንገድ ላይ ክንዷን ልይዛት ስል እጄን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችኝ።

አባቴ ከሥራ ሲመጣ መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኛት። የአባቴን ፊት እያየች፣ “አንተስ ታውቅ ነበር?” አለችው።

እኔ አባቴን አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

“አላውቅም ነበር” አለ አባቴ፣ ወደ መሬት እያየ።

ቀን ላይ ወንድሜን የካድኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ማታ አባቴን ውሸታም ለማለት አፍ አልነበረኝም።  እናቴ ያን ሁሉ ያደረግሁት በራሴ ሐሳብ ነው ብላ አመነች፤ እንዳመነችም ሞተች።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖራለች። አላበሰለችም። አንድም ቀን አልሰደበችኝም፣ አንድም ቀን ደግሞ በስሜ አልጠራችኝም። ውሃ ሳቀብላት ትቀበላለች። “እማዬ፣ ይቅር በይኝ” ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የፈረመችውን አክብራ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታለቅስ ግን በተደጋጋሚ አግኝቻታለሁ። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንቀላፍታ ቀረች።

የሚስተር ጆሺ ኮንትራት የተቋረጠው ግን በተያዝንበት በመስከረም ወር ነበር። ሊሄድ ሲል ግቢያችን በር ላይ ሻንጣውን አስቀምጦ ከእናቴ ጋር ተሰነባበተ። እሷ እጁን ስማ ገባች። እኔን፣ “አስቴር፣ እርስዎ ክፉ አይደሉም” አለኝ። ወንድም የለኝም ማለቴን እያሰበ መሆኑ ገባኝ። ስለ ልጆች ስጠይቀው፣ እሱና ባለቤቱ ልጅ እንደሌላቸው ያን ዕለት ነገረኝ። በእነሱ ዘንድ ውሃውን የሚያፈስሰው ወንድ ልጅ ነው። እሱ ሲሞት የሚያፈስለት እንደሌለ የነገረኝ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ ነበር። አድራሻውን አልሰጠኝም፤ ደብዳቤ ከእኛ ቤት ወደ ውጭ አገር መላክ በዚያን ጊዜ አደገኛ መሆኑን እሱም ያውቃል። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ እኔና አባቴ ሄድን። ሰዎች ልጆቻቸውን በቀበቶ፣ በጫማ፣ በጥርስ እየለዩ ይወስዱ ነበር። እኛ ምንም አላገኘንም። በታክሲ ስንመለስ አባቴ፣ “ለእናትሽ እውነቱን ልነግራት ብዙ ጊዜ ጀምሬ ነበር” አለኝ። አሁን ማን ይስማህ ልለው አሰብኩ፤ ሽማግሌ ሆኗል፣ ተውኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በማለዳ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ለሟች የሚጮህ ብቻ ሳይሆን የሐዘንተኛዋን ክንድ የሚይዝ፣ ውሃ የሚረጭ ሰው ይኖራል። እናቴ መርዶዋን ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ቀና ብሎ ካላያት ሰው ሰማች። ሰዎች ይህን ታሪክ በቁንጽል ስነግራቸው፣ “ጊዜው ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?” ይሉኛል። ወንድሜን የገደለው ጊዜው ነው። መርዶው ግን ሃያ ሁለት ቀን በእኔ እጅ ነበር። በር ዘግተን፣ ትራስ ውስጥ እንድታለቅስ አቅፌ ልነግራት እችል ነበር። ልቧ አይችልም ብለን ነበር የፈራነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ብቻውን ቻለው።

ብዙ ምክር የለኝም። በቤታችሁ ሞት ከገባ፣ ለሚመለከተው ሰው በዚያው ዕለት ንገሩት። እንራራለት ብላችሁ ብታቆዩት፣ ሌላ ሰው ይነግርባችኋል።

እኔ አሁን በዓመት በዓመት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የሁለቱንም ስም በወረቀት ጽፌ ለካህኑ እሰጣለሁ። የወንድሜ ስም ሲጠራ አለቅሳለሁ፣ ቀለል ይለኛል። የእናቴ ስም ሲጠራ ግን ዝም ብዬ እቆማለሁ። ይቅር ብላኝ ሞታ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለም።